ለሞተ ልጅ ደመወዝ አለ፤ ለሚታገል ልጅ ግን የለም!

አምቦ በጃንሆይ ዘመን ስሟ «ሀገረ ሕይወት» ነበር። ፍልውሃዋንና ከመሬት እየፈላ የሚወጣውን የማዕድን ውሃዋን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠራት አይፈረድበትም። ስሙ ከዘመኑ ጋር ሄደ፤ ዛሬ የሚያስታውሱት አዛውንቶች ናቸው። እኛ ግን ይህን ስም ከተቀበረበት አውጥተን አንድ ነገር ልንጠይቅበት ነው። ለመሆኑ በሀገረ ሕይወትና በጎረቤቶቿ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በጊንጪ፣ በባኮ፣ ጊዜው ሳይደርስ ከማኅፀን የወጣ ልጅ እናቱን ለስንት ቀን ያገኛታል? ጥያቄያችን ለሐኪም አይደለም። ሐኪሙማ ያለችውን ይዞ ይፍጨረጨራል። ጥያቄያችን ለሕጉና እጁን አውጥቶ ላጸደቀው ምክር ቤት ነው!

ችኩል ሰው ሲገጥመን «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» ብለን እንቀልዳለን። የሰባት ወር ልጅ የወለደችው ግን አትስቅም። በሐኪሞች አቆጣጠር 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ነው፤ 28 ሳምንት ያልሞላው ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይርቅም። ሳንባው በተነፈሰ ቁጥር እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ፈሳሽ ገና በበቂ አልተመረተም። መጥባትና መዋጥ አልተማረም። ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ እኛ በቲሸርት በምንቀመጥበት ክፍል እሱ በብርድ ይሞታል። በጤና ሚኒስቴር የውርጃ አገልግሎት መመሪያ መሠረት 28 ሳምንት ያልሞላው እርግዝና ሲቋረጥ ስሙ ውርጃ ነው። ልጁ ግን መመሪያውን አላነበበም፤ ወጥቶ ያለቅሳል።

እስቲ በሐሳባችን አንዲት ሴት እንውሰድ። ጉደር ትኖራለች፣ በየቀኑ በሚኒባስ አምቦ እየተመላለሰች በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች። የመውለጃ ቀኗ ሰኔ 30 ነው ተብላለች። መጋቢት 29 ሌሊት ምጥ መጣ። እርግዝናዋ 27 ሳምንት ነው፤ 91 ቀን ይቀራታል። ወለደች። ልጁ ወደ ማሞቂያ ክፍል ገባ፤ እሷ ባዶ እጇን ቀረች። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልበል አልበል ብሎ በር ላይ ይንተባተባል። ገንፎ ይገንፋ ወይስ ይቆይ? እልል ይባል ወይስ ዝም? ማንም አያውቅም።

የሚያውቀው አንድ አለ። ሕጉ! ሕጉ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መቁጠር ጀምሯል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ተከታታይ ቀን ነው። መጋቢት 29 ብለው ይቁጠሩት፤ ሰኔ 28 ያልቃል። ስለዚህ ይህች ሴት ሰኔ 29 ቀን ጠዋት ቢሮዋ ትገባለች። ልጇ ሊወለድ ከነበረበት ቀን በዋዜማው! አንባቢ ሆይ፣ ደግመህ ቁጠረው። በተፈጥሮ ሕግ ገና በሆዷ መሆን የሚገባው ልጅ፣ በአዋጁ ሕግ እናቱ «አርፋ ጨርሳለች»።

ጎረቤቷስ? በዚያው በሰኔ 30 ቀን የተቀጠረችው፣ ቀኗ ደርሶ ጤነኛ ልጅ የወለደችው? እሷማ ከግንቦት 30 ጀምራ ቅድመ ወሊድ 30 ቀኗን ወስዳለች። ከሰኔ 30 ጀምሮ ደግሞ 90 ቀን። እንቁጣጣሽን ከልጇ ጋር እቤቷ ውላ መስከረም 25 ሥራ ትገባለች። ይገባታል፤ ማንም አይመቀኛት። በጠቅላላው 120 ቀን አገኘች። የሦስት ኪሎ ልጅ እናት 120 ቀን፣ የአንድ ኪሎ ልጅ እናት 90 ቀን። ይሄ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

«ረስተውት ይሆናል» የሚል የዋህ አይጠፋም። አልረሱትም! አንቀጽ 88ን ያንብብ። ቀኗ አልፎ ሳትወልድ ለቆየች ሴት እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል ይላል፤ ደግ አድርጓል። ቅድመ ወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ ከወለደች ግን የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ይጀምራል ይላል። የቀረው ቀን ተበልቶ ቀረ ማለት ነው። ለዘገየ ልጅ ይጨመርለታል፣ ለቸኮለ ልጅ ይቀነስበታል። እርግጥ ይኸው አዋጅ ቀድሞ 60 የነበረውን የድኅረ ወሊድ ቀን 90 አድርጎታል፤ ለዚህ ምስጋና አንነፍግም። ዳሩ ግን ቀን ሲጨምሩ ቁጭ ብለው ሲሟገቱ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጠርተው ቢሆን ኖሮ ጉድጓዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደፍኑት ነበር።

የባሰ አለ። ወደ አንቀጽ 81 እንሂድ። ሠራተኛ ልጁ ከሞተበት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀድለታል። ልጁ ከሞት ጋር እየታገለስ? ለዚያ የተጻፈ የለም። «ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ» ካጋጠመ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ይወጣል፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይሆንም። የሕመም ፈቃዱም ሠራተኛው ራሱ ሲታመም እንጂ ልጁ ሲታመም አይሠራም። እንግዲህ ንገሩን! ልጁ ከሞተ ደመወዝ አለ፤ ልጁ ከተነፈሰ ደመወዝ የለም። ይህን የጻፈው ሰው ክፉ ነው አንልም። ግን ከጻፈው በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦት ያውቃል?

በነገራችን ላይ ሕጉን ብቻ አንኮንን፤ ዕድራችንም ያው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ገንዘብ በእጅ ይሰጣል። ሆስፒታል በር ላይ ሁለት ወር ለምትንከራተት አራስ ግን አንድ ቴርሞስ አጥሚት የሚያዋጣላት ደንብ የትኛው ዕድር መተዳደሪያ ላይ ተጽፏል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «እናቲቱ እዚያ ተገትራ ምን ትሠራለች? ልጁን የሚያክሙት ነርሶቹ አይደሉም ወይ?» የሚል አሠሪ አለ። እንዴታ! ይሄ ሰው ማሞቂያው ማን እንደሆነ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የሚባል ሐኪም ማሞቂያው አልበቃ ሲለው ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ልጆች ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አሰራቸው። ካንጋሮ የሚባለው እንክብካቤ እንዲህ ተጀመረ። ከአገራችን ሩቅ ነው አትበሉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው 123 ትናንሽ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አሳትመዋል። በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶው ሞቱ፤ ቶሎ በእናት ደረት ላይ ከተያዙት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። መብራት የማይጠፋበት፣ መለዋወጫ የማይጠየቅለት፣ የውጭ ምንዛሪ የማይፈልግ ማሽን ይኸውላችሁ፤ እናት!

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህ እንክብካቤ ልጁ እንደተወለደ ወዲያው ይጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሰጥ ብሏል። በዚያ ላይ ወተቱ አለ። ልጁ መጥባት ስለማይችል እናቲቱ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን በእጇ አልባ በስኒ ታቀርባለች፤ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ በጠብታ ይሰጠዋል። ሌሊት ሌሊትም ጭምር። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትሠራ ሴት «ፈቃድ ላይ ነች» ትባላለች! ከዚህ የከበደ ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ ካለ ይነገረን።

ሞቱም ቀላል አይደለም፣ አንሸፋፍነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ያለጊዜያቸው ተወልደው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡት 3,852 ልጆች 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ዋናው ገዳይ የሳንባ አለመብሰል፣ ቀጥሎ ኢንፌክሽን። ልብ በሉ፣ እነዚህ የአገሪቱ ትልልቅ የማስተማሪያና የሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባኮ ደግሞ የዚያን እጥፍ። «ሪፈር» የሚለውን ወረቀት ይዛ፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ የምትሳፈር እናት መንገድ ላይ ልጁ በብርድ እንዳያልቅ ገላ ለገላ አድርጋ መያዝ እንዳለባት የነገራት ሰው ካለ ዕድለኛ ናት።

ሹማምንቶቻችን ሰሞኑን ሁሉ የሚያወሩት ስለ ኮሪደር ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው የኮሪደር ልማት፣ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ የእግረኛ መንገዱ… ይመርባቸው። የማሞቂያ ክፍል እናቶች የሚያውቁት ኮሪደር ግን ሌላ ነው። ልጅ አልጋ አለው፣ እናት አልጋ የላትም። ከወለደች ተሰናብታለችና አልጋው ለሌላ ወላድ ይፈለጋል። ስለዚህ በየሆስፒታሉ መተላለፊያ ካርቶን አንጥፋ፣ ጋቢ ደርባ፣ የወሊድ ደሟ ሳይደርቅ ሲሚንቶ ላይ ታድራለች። ገንዘብ ያላት በአቅራቢያው ክፍል ትከራያለች። ለእነዚህ ሴቶች አሥር ፍራሽ፣ አንድ ሻወርና አንድ ማብሰያ ቦታ ማዘጋጀት ከአንድ ፏፏቴ ይበልጣል ወይ? ነርሶቹንም አንርሳ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አያኖረንም» ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን እንደተመለሰላቸው አይተናል፤ ከመካከላቸው እስር ቤት የገቡ ነበሩ። በሌሊት አሥር ጨቅላ ለብቻዋ የምትጠብቅ ነርስ እናቲቱን ታጽናና ማለት ቀልድ ነው።

አባትየውስ? አባት በአዋጁ 3 ተከታታይ ቀን አለው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ገና በኦክስጅን ነው። መድኃኒት «ከውጭ ግዛ» ሲባል የሚሮጠው፣ ደም ሲፈለግ የሚለግሰው፣ ምግብ የሚያመላልሰው፣ እቤት የቀሩትን ልጆች የሚያሳድረው እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቶ ቁጭ ይላል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ እንዲጮህም እንዳይጮህም ይጸልያል። በነገራችን ላይ አባትም ደረት አለው፤ ካንጋሮው በእሱም ይሠራል። እናት ሦስት ሰዓት እንኳ እንድትተኛ።

የአሠሪዎችን ሙግት እናውቀዋለን። «የወሊድ ደመወዝ የምንከፍለው እኛ ነን፤ በዚህ ላይ ሦስት ወር ከተጨመረ ሴት መቅጠር እንተዋለን» ይላሉ። ነገሩ እውነት አለው፣ አንክድም። በአገራችን የወሊድ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ትከሻ ላይ ነው፤ ማኅበራዊ ዋስትናው ጡረታን እንጂ ወሊድን አያውቅም። ታዲያ መፍትሔው ሸክሙን ለማኅበራዊ ዋስትና ማካፈል እንጂ ልጁን ከደረት ማውረድ ነው ወይ? ከስንት ሺህ ወላዶች መካከል 28 ሳምንት ሳይሞላ የምትወልደው እኮ ጥቂት ናት። ከእነዚያም ልጃቸው ሆስፒታሉን ተሻግሮ የሚወጣላቸው ከጥቂትም ጥቂት ናቸው። ይህ ነው ኢንዱስትሪውን የሚያከስረው?

ሌሎች እንዴት አደረጉት? የብራዚል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 በጊዜያዊ ትእዛዝ፣ በ2022 ደግሞ በመጨረሻ ውሳኔ፣ የወሊድ ፈቃድ የሚቆጠረው እናት ወይም ልጅ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የወጣው ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ነው ብሎ በየነ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ልጃቸው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለሚተኛባቸው እናትም አባትም እስከ 12 ሳምንት ተጨማሪ ፈቃድ ሰጥታለች። «እኛ ድሆች ነን» ይባል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለሀብታም ብቻ አልተጻፈም፤ የወላጅ ፈቃድ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን ቤተሰብ ልዩ ችግር ያገናዘበ መሆን አለበት ይላል።

ይህን ሁሉ ስንል በጊንጪ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችረውን፣ በጌዶ ጠላ የምትጠምቀውን፣ ከገጠር በቃሬዛ የመጣችውን ዘንግተን አይደለም። ለእነሱ አንቀጽ 88ም 81ም ባዕድ ነው። የሥራ ቀናቸው በቀረ ቁጥር የሚቀረው ራታቸው ነው፤ ለዚህ ነው ገና ያልጠና ልጃቸውን «ፈርሜ እወስዳለሁ» ብለው ይዘው የሚሄዱት። ለእነሱ የሚሆነው የትራንስፖርትና የምግብ ድጎማ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ማደሪያ፣ ከወጡ በኋላ ደግሞ ቤታቸው ድረስ የምትመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው።

የሕጉን ነገር ግን ዛሬውኑ ማስተካከል ይቻላል። ምክር ቤቱ ረቂቅ የሚጽፍለት አጥቶ ከሆነ ይኸው በነፃ ሰጥተነዋል፤ «ሠራተኛዋ ከሚጠበቀው ቀን ቀድማ ከወለደች፣ ከወለደችበት ቀን እስከሚጠበቀው የመውለጃ ቀን ያለው ጊዜ ከድኅረ ወሊድ ፈቃዷ አይቀነስም። አባትም ልጁ ሆስፒታል እስካለ ድረስ ፈቃድ ይኖረዋል።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። እስከዚያው የጉደሯ ሴት ሰኔ 29 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አምቦ ገብታ የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ትፈርማለች። ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን አርሶታል። አለቃዋ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ አርፈሽ መጣሽ አይደል?» ይላታል።