ከልጥ ይልቅ መኪና፦ በእባብ ለተነደፈ ሰው የሚበጀው

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። በእባብ የተነደፈ ሰው ግን ከልጥ አይሸሽም፤ እንዲያውም ልጥ ፈልጎ እግሩን ጥፍር አድርጎ ያስራል። ቁስሉን በምላጭ የሚበጣ፣ መርዙን በአፉ የሚመጥም አለ። ሁሉም ለመርዳት የሚደረግ ቢሆንም ጉዳቱ ያመዝናል።

ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ቶኮዛ በንግድ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ይህ የሰሊጥ አጫጆች ችግር ብቻ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን ሪንካልስ የተባለው፣ መርዙን ወደ ዓይን የሚተፋ እባብ በጋውቴንግ ሣር ሜዳዎች ይኖራል። እፉኝት ደግሞ እዚያም በኢትዮጵያም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መርዝ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

በምህንድስና ትምህርት ብልሽት ሲደርስ የመጀመሪያው ተግባር ጥገና ሳይሆን ጉዳቱ እንዳይሰፋ መግታት ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። መርዝ በአብዛኛው የሚሰራጨው ጡንቻ ሲንቀሳቀስ በሊምፍ ቧንቧዎች በኩል ስለሆነ የተነደፈው ሰው አይሩጥ፤ ይጋደም። እግሩ ወይም እጁ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ ይቆይ። ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ እብጠቱ ሳይብስ ይውለቁ። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ስለሚያበሰብስ አጥብቆ ማሰር መርዙን በአንድ ቦታ ያከማቻል፣ ደምም ያግዳል፤ እግር እስከማሳጣት ይደርሳል። መርዝ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ በብዙ ንጹህ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። እባቡን ለመግደል መሯሯጥም ሁለተኛ ተጎጂ ከማፍራት በቀር ፋይዳ የለውም።

የመርዝ ማርከሻው የሚሰጠው በሆስፒታል ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ብርቱ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሳ ይችላልና። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው እርዳታ ተሽከርካሪ ነው። በደቡብ አፍሪካ አምቡላንስ በ10177፣ ከሞባይል ደግሞ በ112 ይጠራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ወይም ከነጭራሹ የሌለው ሰው «በር ላይ ይመልሱኛል» ብሎ ሌሊቱን በሱቁ ውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 3 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ደንግጓል፤ የዜግነት ቅድመ ሁኔታም አላስቀመጠም። በእኔ እምነት ይህን ድንጋጌ ማወቅ ራሱ የመጀመሪያ እርዳታ አካል ነው።

በስደት ያሉ ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ቀን ገንዘብ ያሰባስባሉ። ያንኑ ኅብረት አስቀድመን እንጠቀምበት፦ በየሠፈሩ በሌሊት መኪና ያለው ማን እንደሆነ፣ ቅርቡ የድንገተኛ ክፍል የት እንደሚገኝ፣ ከበሽተኛው ጋር ገብቶ በቋንቋው የሚከራከርለት ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይወሰን። ስልክ ቁጥሮቹም በየሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ።