የኮምፒዩተሩ ጓዳ

በጓዳችን የበርበሬው ቅል የት እንዳለ፣ የሽሮው ጣሳ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ እናገኘዋለን። ይህም ልዩ ትምህርት ስለተማርን ሳይሆን ዕቃውን በየቦታው ያስቀመጥነው እኛው ራሳችን ስለሆንን ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ ያገኘው ኮምፒዩተር ግን ሌላ ሰው ያሰናዳው ጓዳ ነው።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ ይገዛል። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ከመግባቱ በፊት ሻጩ፣ «ሙሉ ፕሮግራም ጭኜበታለሁ» ይላል። እኛም እህል ሰፍሮ ምርቃት እንደ ጨመረልን ነጋዴ አመስግነነው እንመለሳለን። ቤት ደርሰን በስክሪኑ ግርጌ ያለችውን የመስኮት ምልክት ስንጫን የምርቃቱ ብዛት ይታያል፤ ሦስት ዓይነት የፊልም ማሳያ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ሁለት የቫይረስ መከላከያዎች፣ የመሐንዲሶች የሕንፃ መንደፊያ፣ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ ስማቸውን አንብበን እንኳ የማንረዳቸው ደግሞ ሌሎች አሥርና ሃያ። ከዚህ ላይ ልጆች ጨዋታቸውን ይጨምራሉ።

አንዲት የደብረ ብርሃን መምህርት ያጫወቱኝን እዚህ ላይ ላንሣ። መምህርቷ የወሰነ ትምህርቱ ማጠቃለያ ፈተና በማግስቱ ጠዋት ለብዜት መድረስ ነበረበትና ልጆቻቸውን አስተኝተው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩን ከፈቱ። መጻፊያውን ፕሮግራም ፍለጋ ዝርዝሩን ወደ ታች ቢወርዱ፣ ወደ ላይ ቢወጡ አላገኙትም። ይሆናል ብለው አንዱን ቢጫኑ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሆኖ በታላቅ ጩኸት ተነሣና ሕፃኑን ቀሰቀሰው። በመጨረሻ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃቸውን ከእንቅልፉ ጠሩት። ልጁም ዓይኑን እያሻሸ፣ «እማዬ፣ ስንቴ ላሳይሽ!» አለና ከፍቶላቸው ተመልሶ ተኛ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ መምህርቷ ፈተናቸውን በእጃቸው እየጻፉ፣ ከፍለው በውጭ ያስተይባሉ። በእሳቸው ደመወዝ የተገዛው ኮምፒዩተር የልጁ ሆኖ ቀረ።

ብዙ እናቶች ከኮምፒዩተር የሚርቁት መጻፍ ወይም ሒሳብ መሥራት አቅቷቸው አይመስለኝም። ከሥራው በፊት ያለው ፍለጋ ነው የሚያባርራቸው። ስለዚህ መፍትሔው ከዚያው ከዝርዝሩ ይጀምራል።

ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘውን አልዩ አምባን ያስቧት። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ አንኮበር በነበረችበት ዘመን ከባሕር ጠረፍ በግመል የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ጥጥ ይሸጥባት ነበር። ያኔም ሆነ ዛሬ የአገራችን ገበያ በተራ በተራ የተከፈለ ነው። ቅቤ የፈለገ ቅቤ ተራ፣ እህል የፈለገ እህል ተራ ይሄዳል። የኮምፒዩተሩ ዝርዝር ግን የሚደረደረው በስም ፊደል ነው። በርበሬና በርጩማ ሁለቱም በ«በ» ስለሚጀምሩ ጎን ለጎን እንደ ማስቀመጥ ያለ ነው። ለማሽኑ ይመቸዋል፤ ለገበያተኛው ግን አይመችም።

ይህ «ስታርት ሜኑ» የሚባለው ዝርዝር ከዊንዶውስ 95 ጋር የወጣው ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 8 አስቀርቶት ነበር። ተጠቃሚዎች ክፉኛ ስላማረሩ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 10 ጋር ተመለሰ። በዓለም ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ዕቃው ከለመደበት ሲነሣበት ይናደዳል ማለት ነው!

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ኮምፒዩተሩን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። በሳምንት ውስጥ በኮምፒዩተሩ ምን ምን እንደሚሠሩ ይጻፉ፤ ፈተና ወይም ማመልከቻ መጻፍ፣ የዕቁቡን ወይም የዕድሩን ሒሳብ በሠንጠረዥ መያዝ፣ ኢንተርኔት ማየት። ከአምስት ወይም ከስድስት የሚበልጥ አይሆንም። በዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ሲያገኙ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፒን ቱ ስታርት» የሚለውን ይምረጡ። ፕሮግራሙ ከብዙኃኑ ተለይቶ ፊት ለፊት ይወጣል። በዊንዶውስ 10 የተለዩትን እየጎተቱ አንድ ላይ ካሰባሰቡ በኋላ ከበላያቸው ያለውን ባዶ ቦታ ተጭነው ስም ይሰጧቸዋል። በዊንዶውስ 11 ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ጎትተው ሲያሳርፉት ሁለቱን የሚይዝ ማኅደር ይፈጠራል፤ ለእሱም ስም ይወጣለታል። ስሙን በአማርኛ ይጻፉት። «የእማዬ ሥራ» ብሎ መጻፍን የሚከለክል የለም።

ስሙን የሚያውቁትን ፕሮግራም ደግሞ መፈለግም አያሻዎትም፤ የመስኮቷን ምልክት ተጭነው የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ፊደላት መጻፍ ብቻ ነው። ይህ አልሠራ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ መሆኑ ነው። በኮምፒዩተሩ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ከሆነ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ረጅሙን የባዶ ቦታ ቁልፍ ሲጫኑ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስልዎታል።

አሁን ወደ መጣሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አንፒን» ማለት ዕቃውን ከፊት መደርደሪያ አንሥቶ ወደ ጓዳ መመለስ ነው፤ ፕሮግራሙ አይነካም። «አንኢንስቶል» ግን ከቤት አውጥቶ መጣል ነው። «አትነካኪው፣ ይበላሻል!» የሚሉ ባሎችና ወንዶች ልጆች ይህን ልዩነት ቢረዱት መልካም ነበር፤ በማሰባሰብና ስም በማውጣት የተበላሸ ኮምፒዩተር የለምና።

የማያውቁትን ስም ወዲያው አይጣሉ። የማተሚያ መሣሪያው የሚሠራበት ሊሆን ይችላል። በተለይ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉትን የአማርኛ መጻፊያዎች ሳያጣሩ አይንኩ። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጥታ ደብረ ብርሃን ላይ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን የሰጠች ሠራተኛ፣ ጽሑፏ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሲወጣ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፊደላት በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ተደርበው የተሠሩ ስለነበሩ፣ ያው ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒዩተር አያነባቸውም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ በደጋ አጋዘን ስም «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ስለዚህ የአሥር ዓመት ፈተናና ደብዳቤ በድሮው ፊደል ተጽፎ ከተቀመጠ፣ መጻፊያውን መጣል ጽሑፉን አብሮ መቅበር ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ለየሰው የየራሱን አካውንት መክፈት ነው። በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ፣ ማለት «ሴቲንግስ» ውስጥ «አካውንትስ» በሚለው ሥር ለልጅዎ ሌላ አካውንት ይክፈቱለት፤ የሥራው ሙሉ ሥልጣን በእርስዎ አካውንት ይቆይ። እርስዎ በስምዎ ሲገቡ የለዩዋቸው ፕሮግራሞች፣ እሱ በስሙ ሲገባ የእሱ ይወጣሉ። እርግጥ ለሁሉም የተጫነ ፕሮግራም በሁሉም ዘንድ ይታያል፤ የፊተኛው መደርደሪያ ግን አይደባለቅም። በይለፍ ቃል የተዘጋ የመምህርት አካውንት ደግሞ የፈተናውን ምስጢር ይጠብቃል። ይህ ከልጅ ተማሪ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖር ትንሽ ነገር አይደለም።

ልጆችን ከኮምፒዩተሩ እናባርር ማለቴ ግን አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር እየተሰጠ በመሆኑ ማውሱን መልመዳቸው ግድ ነው። ይልቁን ማሰናዳቱን አብረው ይሥሩት፤ ልጁ ይንገር፣ ማውሱ ግን በእናቱ እጅ ይሁን። ያሳየ ልጅ ነገም ይጠየቃል፤ እጇ የለመደ እናት ግን ሌሊት ሰው አትቀሰቅስም።

ዊንዶውስ 10 ያላቸው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። አምራቹ ኩባንያ መደበኛውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒዩተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን ለተራዘመው የደኅንነት አገልግሎት ካልተመዘገበ በቀር አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም። ብዙዎቹ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ስለማይበቁ፣ በምርቃት የመጡትንና ከየት እንደተቀዱ የማይታወቁትን ፕሮግራሞች መቀነሱ ለደኅንነትም ይበጃል። ከሁለቱ የቫይረስ መከላከያዎችም አንዱ ይበቃል።

አንኢንስቶል ከማድረግዎ በፊት ጽሑፎችዎን በሙሉ በአንድ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን ሥራውን አይጀምሩ። ፍላሹንም ከልጆቹ የፊልም ፍላሾች ጋር በአንድ መሳቢያ አያኑሩት።