አሮጌው ስልክ ከቤት ይውጣ

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንዲት እናት ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነውን ልጇን ይዛ መጣች። "ዶክተር፣ አይናገርም" አለችኝ። ልጁ ከገባ ጀምሮ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ አቀርቅሯል። ቀስ ብዬ ልወስድበት ስሞክር የጮኸው ጩኸት ውጭ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ አስደነገጠ።

"የማን ስልክ ነው?" አልኳት።

"የሱ ነው። እኔ አዲስ ስገዛ አሮጌውን ለሱ ተውኩለት።"

"በቀን ስንት ሰዓት ያያል?"

"ኧረ ብዙም አይደለም፤ ሲበላ ብቻ ነው።"

ስንቴ እንደሚበላ ጠየቅኳት፤ አምስቴ። አንዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቅኳት፤ አርባ ደቂቃ። ደምሩት። 200 ደቂቃ፣ ከ3 ሰዓት በላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ጭራሽ አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል።

ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ቲክቶክን ይረግማል፣ ወይም ልጁን "ሱሰኛ" ይለዋል። እኔ የምቆጣው መሳቢያችን ላይ ነው። እኛ ዕቃ አንጥልም። የኒዶ ጣሳው ሽሮ ይያዝበታል፣ የዘይት ጀሪካኑ ውሃ ይቀዳበታል፣ ፌስታሉ ሌላ ፌስታል ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። ጥሩ ልማድ ነው፤ እናቶቻችን ቤት ያቆሙት በዚህ ነው። ስልኩንም በዚያው ልማድ "አንድ ቀን ይሆነኛል" ብለን እናስቀምጠዋለን። ጣሳ ግን ከተቀመጠ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስልክ ቻርጅና ዋይፋይ እስካገኘ ድረስ አንዱ ካርቱን ሲያልቅ ሌላውን ራሱ ይከፍታል። የናንተ ስልክ ሲሆን ቢያንስ ሲደወል ትቀበሉታላችሁ፣ ሥራ ስትሄዱም ይዛችሁት ትወጣላችሁ። አሮጌው ግን ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር ይውላል። ባለቤት የሌለው ስልክ ቤት ውስጥ ካለ፣ ልጁ ባለቤት ይሆንለታል።

ይህን ስል እኔ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። እስካለፈው ክረምት ድረስ ኮመዲኖዬ ውስጥ ሦስት አሮጌ ስልኮች ነበሩ። አንዱ ላይ አባቴ ከማረፉ በፊት የላከልኝ የድምፅ መልእክት ስላለ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው "ይሠራል" ተብሎ ተቀመጠ። ሦስተኛውን ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አንድ ቀን ልጄ እሱን አውጥታ "እማዬ፣ ይሄ ስልክ ወፍሯል" አለችኝ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል። እንዲህ ያበጠ ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እናንተም ቤት ካለ ቻርጅ አታድርጉት፣ ለመክፈት አትታገሉት፣ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት አትጣሉት፤ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ልጅ ከተቃጠለ ደግሞ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱና ወደ ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ።

ወደ ክርክራችን ልመለስ።

"እንግሊዝኛ ለመደልኝ" የምትሉኝ ወላጆች አትቀየሙኝ። ልጁ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ ውሃ ሲጠማው ግን እጃችሁን ጎትቶ ወደ ጆጉ ይወስዳችኋል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው እሱ "ባ" ሲል ዞር ብሎ "ባ" የሚለው ሰው ሲያገኝ ነው። ስልክ ያወራል፤ የልጁን ወሬ ግን አይሰማም። በዚህ ዕድሜ ከስክሪን የሚማሩት ፊት ለፊታቸው ካለ ሰው ከሚማሩት በጣም ያነሰ ነው።

"ያለ ስልክ አይበላም" ለሚለው ደግሞ፣ ስልክ ላይ ፈዞ የሚጎርስ ልጅ መራቡንም መጥገቡንም አያዳምጥም። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ ይብስበታል። ይጮኻል፣ ምናልባትም ምሳውን ይተዋል። ጤነኛ ልጅ አንድ ምሳ ቢያልፈው አይጎዳም፤ እስከ መክሰስ ይርበዋል። ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ወይም የታመመ ልጅ ከሆነ ግን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ ይህን አትጀምሩ።

"አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ልጅሽ ረበሸ እየተባልኩ፣ ምን ላድርግ?" ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። ሁለት ዓመት ላለፈው ልጅ ወጥ እስክትሠሪ 20 ደቂቃ በቴሌቪዥን ካርቱን ብትከፍቺለት አልፈርድብሽም። ቴሌቪዥን ታጠፊዋለሽ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተከትሎት አይገባም። አባትየውም ማታ ሲገባ የራሱን ስልክ አስቀምጦ ልጁን ይያዝልሽ። በነገራችን ላይ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ለአባቶች ላኩላቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። "ስልክ ኦቲዝም ያመጣል" የሚል ጽሑፍ በየቦታው ይዞራል። ስህተት ነው። ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ ዘር ትልቅ ድርሻ ያለው ሁኔታ ነው፤ ካርቱን አያመጣውም። ያ ጽሑፍ አንዷን እናት ባላጠፋችው ጥፋት ሲያስለቅሳት፣ ሌላዋን ደግሞ "ስልኩን ካነሳሁ ይናገራል" ብላ አንድ ዓመት ሙሉ እንድትጠብቅ ያደርጋል። ያ ዓመት ለልጁ ትልቅ ዓመት ነው። በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ በ2 ዓመቱ "ውሃ ስጪኝ" ብሎ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ካላችሁ፣ ስልኩንም አንሱ፣ ልጁንም ሳትውሉ ሳታድሩ አስመርምሩ። ጆሮውንም አስመርምሩ፤ ያልሰማ ልጅ አይናገርም። ያን ልጅም መጀመሪያ የላክሁት ለጆሮ ምርመራ ነው።

እና የትኛው ስልክ ይቆይ? በእኔ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ አንድ ስልክ ይበቃል። ከዚያ የተረፈውን ፎቶና ድምፁን ወደ ፍላሽ ወይም ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ሲምና ሚሞሪውን አውጡ፤ አካውንታችሁን አጥፉና ሪሴት አድርጉት። ከዚያ ሽጡት፣ ወይም ስልክ ለሌላት ዘመድ ስጧት። እኔ የአባቴን ድምፅ ሁለት ቦታ ገልብጬም ስልኩን ለመሸጥ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ጨርሱ አልላችሁም። እስክትወስኑ ግን ልጁ ከማይደርስበት ቦታ፣ ካለ ቻርጀር ይቀመጥ።

"እናቱ ዱባይ ናት፣ በቪዲዮ ስትደውልስ?" ብላ ባለፈው አንዲት አያት ጠይቃኛለች። እማማ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። በቪዲዮ ስትደውል ስሙን ትጠራዋለች፣ ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲያወራ ትመልስለታለች፤ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅም ቢሆን ያን አንከለክልም። እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ስልኩን ይያዙለት፣ "እማ ምን አለች?" እያሉ ያጫውቱት። ስትዘጋ ስልኩ ወደ ኪስዎ ይመለስ።