ትናንት ያሳቀን ፊልም፣ ዛሬ የምናየው ዜና

ውድ አንባቢ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ ወሬውን ከየት ሰሙ? ብዙዎቻችን ያየነው በስልካችን ነው። የነጋዴው ንብረት ገና እየነደደ ሳለ ምስሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞር ነበር። ወዴት እያመራን እንደነበር አስቀድመው ያሳዩን የምፀት ፊልሞች አሉ።

«ኔትዎርክ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ጸሐፊው ፓዲ ቻየፍስኪ፣ አዘጋጁ ሲድኒ ሉሜት ናቸው። ተመልካች የራቀው አንድ ዜና አንባቢ ከሥራ መሰናበቱን ሲሰማ ራሱን እንደሚያጠፋ በቀጥታ ሥርጭት ይናገራል። የተመልካቹ ቁጥር ይጨምራል። አለቆቹም የታመመውን ሰው በማሳከም ፈንታ ነቢይ አድርገው ያቀርቡታል፤ ዜናውን ለመዝናኛ ክፍል ይሰጣሉ፤ ጠንቋይም ይጨምሩበታል። ተመልካች ሲሸሸው ደግሞ ያስገድሉታል።

በጊዜው ቀልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን ኤንቢሲ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እጅ ገባ፤ ዜናም እንደ ሌላው ምርት ትርፍ ይጠየቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ናይትክሮለር» ደግሞ የአደጋ ምስል ለቴሌቪዥን የሚሸጥ ሰው ያሳየናል። ይህ ሰው ምስሉ እንዲያምርለት የተጎዳውን ሰው ገላ ከወደቀበት ይጎትታል።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመንግሥት ነበር፤ ለብዙ ዘመንም ተፎካካሪ አልነበረውም። የዚያ ዘመን ችግር አንድ ድምፅ ብቻ መሰማቱ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ጣቢያ መክፈት ይችላል፤ ዩቲዩብም ብዙ ለታየ ይከፍላል። ስለዚህ ርዕሱ ይጮኻል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ነቢይ ነኝ ባዩም፣ የሟች ቤተሰብ ልቅሶም በአንድ ገበያ ይቀርባሉ።

እነዚህ የፊልም ሰዎች የተለየ ራእይ አልነበራቸውም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተከትለው ብቻ መጨረሻውን አሰሉ። የመርካቶ ነጋዴ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ደንበኛ የሚጠይቀው ዕቃ በማግስቱ መደርደሪያው ላይ ይገኛል። እኛ የምንከፍተውና የምናጋራው ሁሉ እንዲሁ ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ፣ ወገኔ ሆይ፣ የሚቃጠል ሱቅ ምስል ሲደርስዎ ከማስተላለፍዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። የት ተቀረጸ? መቼ? ማንን ይጠቅማል? በሐሰት እንዳንመሰክር የተሰጠን ትእዛዝ ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም፤ በስልክ ለሚያስተላልፍም ጭምር ነው። ንብረቱ ለነደደበት ወንድማችንም ምስሉን ከማሰራጨት ይልቅ ደውለን «እንዴት ነህ?» ብንለው ይሻላል።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።