ተለብሶ ስለሚጣለው ጋውን

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ በቀዶ ጥገና ክፍል የሚሠሩትን ሐኪሞችና ነርሶች ከበሽተኛው ደም የሚጋርዳቸው ጋውን ነው። ከጥጥ የተሠራው ጋውን እየታጠበና በእንፋሎት ከጀርም እየጸዳ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሲርስ ግን ደሙን ወደ ገላ ያሳልፋል። ጥጥ ለጋቢ እንጂ ለዚህ መች ተመቸ! አንዳንድ የጉበት በሽታዎችና ኤች አይ ቪ ደግሞ በደም ይተላለፋሉ። አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል ጋውንም አለ። እርሱም ሳይሸመን፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የወጡ ቀጫጭን ክሮች በሙቀት ተጣብቀው የሚሠራ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ጋውኑ ሁለንተናው ወፍራም ቢሆን ይበጃል ይላሉ። ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም። ደሙ በብዛት የሚረጨው በደረትና በክንድ ላይ ነው፤ እንግዲያው ፈሳሽ የማያሳልፈው ጨርቅ በፊት ለፊቱና በእጅጌው ላይ ይዋል። ጀርባው ስስ ይሁን፤ አለዚያ ለብዙ ሰዓት የሚቆመው ሐኪም በላብ ይጠመቃል፤ ዋጋውም ይንራል። የእጅጌው ጫፍ አንጓን ይዞ ከጓንቱ ሥር ይግባ። ደም በመርፌ ቀዳዳም ሾልኮ ይገባልና ስፌቱ ይታሸግ።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ብዙ አገሮች የመከላከያ ልብስ ከድንበራቸው እንዳይወጣ ከለከሉ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኙ አንዳንድ የልብስ ፋብሪካዎችም ፊታቸውን ወደ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሥራ መለሱ። ስፌቱስ በአገር ውስጥ ይቻላል፤ ንድፉ ግን እንዳለ ከውጭ አይቀዳ። የቡሬ ነርስ ለብሳው፣ «እዚህ ላይ ይይዘኛል» የምትለው ቃል ከመቀሱ ይቅደም።