ባትሪው ምን በደለ?

አሮጌ አይሱዙ ያለው ሰው ማታ ሲያቆም ቁልቁለት ይመርጣል። ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋዩን ያነሳል፣ መኪናው ሲንደረደር ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይለቅና ሞተሩ ይነሳል። ሜዳ ላይ ካደረ ግን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ለግፊ ይጠራል። ነገሩ ሲደጋገም ፍርዱ አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው።» አዲስ ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ እሱም እንደ ፊተኛው ሲሆን ሻጩ ይረገማል።

ባትሪ አርጅቶ አይሞትም አልልም። ቀን ሲሞላ ውሎ፣ ሌሊት ቆሞ አድሮ፣ ጠዋት ባዶ የሚገኝ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ተዘርፎ ነው። የሚያሳስተን የሌባው ማነስ ነው። ግማሽ አምፔር ብቻ የሚስብ ነገር፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪን በ4 ቀን ገደማ ግማሽ ያደርሰዋል።

ደግነቱ አሮጌ መኪና ለምርመራ ይመቻል። ኮምፒውተር የለበትም። ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ከሰዓቱና ከሬዲዮው በቀር የሚበላ ነገር ሊኖር አይገባም፤ ከ0.05 አምፔር በላይ ከታየ መጠርጠር ነው። የሚያስፈልገው ቴስተር ነው። ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ባትሪውን ከሻንሲው የሚያገናኘው የኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ቴስተሩ 10 አምፔር ላይ ተደርጎ በባትሪውና በተፈታው ገመድ መሃል ይገባል። ያን ጊዜ ቁልፍ የሚነካ ሰው አይኑር፤ ሞተር አስነሳለሁ ያለ ቴስተሩን ያቃጥላል። ከዚያ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የቱ ላይ እንደሚወርድ ማየት ነው።

ሁሉም ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደስ? ዲናሞው ይጠየቃል። ውስጡ ያለው ዲዮድ ከተበላሸ ቀን የሞላውን ሌሊት መልሶ ያፈስሰዋል። ባትሪው ተነቅሎ እያለ የዲናሞው ወፍራም ገመድ ይፈታና እንደገና ይለካል።

ዋናው ጉድ ግን እኛው የቀጠልነው ሽቦ ነው። ቴፑ፣ የካቢናው ጌጥ መብራት፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ ሁሉም ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ተስቦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለቱ ባትሪዎች ተያይዘው ሳለ ለ12 ቮልት ቴፕ ሲባል ከአንዱ ብቻ ይሳባል። ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው፤ የሚሳበው ሳይሞላ ይቀራል፣ ጓደኛው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃው ይፈላል። ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር እያለ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ፣ ሙያውን አላከበረም እላለሁ። «ዋናው ሙዚቃው ይሥራ» ብሎ የሚያጣድፈው ባለመኪናም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

እናም ባለመኪኖች፣ ለባትሪ ከመክፈላችሁ በፊት ለልኬት ክፈሉ። ኤሌክትሪሺያኑን «ስንት አምፔር አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቁጥር ካልነገራችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።