ጥይቷ የማያልቅ መንኮራኩር

የቦሩ ሜዳ ስም በተነሣ ቍጥር ብዙዎቹ አንባብያን የሚያስቡት በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን የሰበሰቡበትን ታላቅ ጉባኤ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ከዚያው ስፍራ ይዘን የመጣነው ወሬ የሊቃውንት ክርክር ሳይሆን የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጨዋታ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ለሚታየው አንባቢ ትዕግሥቱን እንለምናለን፤ ስልክ በልጆች እጅ ከገባ ወዲህ ስለ ጨዋታ ከልጁ ጋር ያልተከራከረ ወላጅ ጥቂት ነውና።

ዘመዶቻችንን ልንጠይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ባልንበት ቀን፥ ቡናው ቀርቦ፥ ብርዱም እንደ ልማዱ በበሩ ሥር እየገባ ሳለ፥ የቤቱ ልጅ ስልኩን ይዞ ቀረበና «እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር አለች፤ በጣት እየተገፋች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ከላይ የጠላት መርከቦች ይወርዳሉ። ጣት ስክሪኑን በነካ ጊዜ ሁሉ መንኮራኩሯ ትተኵሳለች፤ የተመታው መርከብ ይጠፋል፥ 10 ነጥብም ይቈጠራል፤ ሦስት ጊዜ የተነካ ተጫዋች ይሸነፋል። ከዚህ ሌላ ምንም የለበትም። ልጁ የጻፈው ጃቫስክሪፕት በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሲሆን፥ ሥዕሎቹንም የሣላቸው ራሱ ነው። አንደኛው መርከብ ጀበና ይመስላል ብንለው ሳቀ እንጂ አልተቈጣም።

ምስጋናውን እናስቀድም። ጨዋታው እንደ ተከፈተ ይጀምራል፤ ማስታወቂያ አያሳይም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ያለ እንከን ይሠራል፤ ኔትወርክ መጥቶ በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሠራሩም ማስረዳት አያሻውም፤ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ነክተው የማያውቁት አያቱ እንኳ ተቀብለው 40 ነጥብ አገኙ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ልጅ ሌሎች የሠሩትን ሲጫወት ከመዋል አልፎ የነገሩን ሆድ ዕቃ ማወቁ ነው። ስልኩ ጥይቱ መርከቡን መንካቱን በዓይን ስለማያይ፥ በያንዳንዱ ዙሪያ የማይታይ አራት ማዕዘን አስምሮ ሁለቱ ማዕዘኖች መደራረባቸውን በየቅጽበቱ እንደሚመረምር ሲያስረዳን፥ ብዙ መምህራን ሊቀኑበት በሚገባ አነጋገር ነበር።

ጕድለቱም የጀመረው ከዚያው ከአራት ማዕዘኑ ነው። አያቱ «ሳይነካኝ ገደለኝ!» ብለው ሲያማርሩ ሰው ሁሉ ሳቀባቸው፤ እውነቱ ግን የእርሳቸው ነበር። መንኮራኩሯ ሾጣጣ፥ ማዕዘኑ ግን ሰፊ በመሆኑ፥ ባዶ ጥግ የነካው ሁሉ እንደ መታት ይቈጠራል። ሠሪው የት መቆም እንደሌለበት እጁ ስለለመደ ይህን አላስተዋለውም።

ሁለተኛው ጕድለት የታወቀው በቦታው የነበረው አጎቱ ጨዋታውን ወደ ራሱ ስልክ በወሰደው ጊዜ ነው። የልጁ አሮጌ ስልክ ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ የአጎቱ አዲስ ስልክ 120 ጊዜ። ልጁም ፍጥነቱን በሰዓት ሳይሆን ሥዕሉ በታደሰ ቍጥር የለካው ስለሆነ፥ በአጎቱ ስልክ ሁሉም ነገር እጥፍ ፈጠነ። እንዲህ ያለ ስሕተት በታላላቆቹም ደርሷል። በ1978 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ፥ 55ቱ ወራሪዎች እየተመቱ በቀነሱ ቍጥር የማሽኑ ሥራ ስለሚቀልለት የቀሩት እየፈጠኑ ሄዱ። ኒሺካዶ ይህን አየና፥ ተጫዋቹን የሚያስጨንቅ መልካም ነገር ሆኖ ስላገኘው ተወው። ልዩነቱ እርሱ አይቶ መምረጡ ነው፤ የእኛው ልጅ ግን ከአንድ ስልክ በቀር ስላልነበረው ሊያይ አልቻለም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። የመንኮራኩሯ ጥይት አያልቅም። ጣቱን ያለ ማቋረጥ የሚመታ ሰው ማነጣጠር ሳያስፈልገው ያሸንፋል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ይሰለቻል። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ የሠሩት «ስፔስዋር» የተባለው ጥንታዊ ጨዋታ እንኳ ለመርከቦቹ የተቈጠረ ጥይትና የተለካ ነዳጅ ይሰጥ ነበር። የኒሺካዶም ተጫዋች አንዱ ጥይት ዒላማውን ሳይመታ ወይም ከስክሪኑ ሳይወጣ ሌላ መተኰስ አይችልም፤ ስለዚህ የሳተ ሰው ይጠብቃል፥ የሚጠብቅም ሰው ያስባል። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይህ ዋጋ ነው። መተኰስ ዋጋ ካላስከፈለ ልጁ የሚማረው ጣት ማንቀሳቀስን ብቻ ነው።

ይህን እያስረዳነው ሳለ ነው ልጁ ድምፁን ከፍ ያደረገው። የተኵሱ ድምፅ ከኢንተርኔት የተወሰደ የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ ነበር። ሲኒ ያጥቡ የነበሩት እናቱ ቀና ሳይሉ «ልጄ፥ እሱን ነገር ዝጋው» አሉ። «እማዬ፥ የጠፈር እኮ ነው» አላቸው። «የጠፈርም ቢሆን» አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ያ ቤት ምን ሲሰማ እንዳደረ የሚያውቅ ሁሉ ዝም አለ። ልጁም ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበረና፥ ጥቂት ቆይቶ ስልኩን ዘጋ።

ምናልባት አንዳንድ አንባብያን «እንግዲያው ጨርሶ ማስተው ነበር» ይሉን ይሆናል። አልመሰለንም። የኒሺካዶ ዒላማዎች ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታት የሆኑትም በሰው ላይ መተኰስ መልካም አይደለም ተብሎ በመታሰቡ ነበር፤ በ1979 እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «አስትሮይድስ» ደግሞ በአብዛኛው የሚያስመታው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ልጁን መርከቦቹን በድንጋይ እንዲለውጥ፥ ጥይቱንም እንዲቈጥር መከርነው። «ጥይቱ ሲያልቅበት ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀን። «ይሸሻላ!» አሉ አያቱ ከማዕዘናቸው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ሥራ በቴሌግራም ላከልን። ጥይቱ 20 ሆኗል፤ ሲያልቅም ከላይ የሚወርድ ትንሽ ከረጢት ካልተያዘ አይሞላም። ማዕዘኑ ጠቧል። መርከቦቹ ድንጋዮች ሆነዋል፤ ያ ጀበና የሚመስለው ብቻ ቀርቷል፤ ልጁ አዝኖለት ይሆናል። ድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እናቱ ሲኒ ከሲኒ ሲያጋጩ ራሱ የቀዳው ነው። የፍጥነቱን ነገር ግን ገና አላስተካከለውም፤ በአጎቱ ስልክ ድንጋዮቹ ዛሬም እንደ ክረምት በረዶ ይወርዳሉ።